የኢንዱስትሪ ዘርፍ የአክሲዮን ኢንዴክስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«የኢንዱስትሪ አክሲዮኖች በዚህን ያህል በመቶ ወረዱ» የሚል ዜና ሰምተው ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ለሚጠይቁ ሁሉ የተሰናዳ ነው፤ ቀኖቹና ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአክሲዮን ኢንዴክስ ምንድን ነው?

የብዙ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ በአንድ ስሌት አጠቃልሎ በአንድ ቁጥር የሚያሳይ መለኪያ ነው። ገበያ ላይ በአንድ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ አክሲዮኖች ይሸጣሉ፣ ይገዛሉ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ኢንዴክስ ከእነዚህ መካከል የተወሰኑትን በታወቀ ደንብ መርጦ «በጥቅሉ ዛሬ ወዴት አዘነበሉ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል።

ቁጥሩ ገንዘብ አይደለም። «ነጥብ» ይባላል፤ ትርጉም የሚኖረውም ከራሱ ያለፈ ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ነው። አዘጋጆቹ መነሻ የሚሆን ጊዜ ይመርጡና ለዚያ ጊዜ 10፣ 100 ወይም 1000 የሚል ቁጥር ይሰጡታል። 500 ያህል ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን የሚይዘው የኤስ ኤንድ ፒ 500 ኢንዴክስ ለምሳሌ ከ1941 እስከ 1943 የነበረውን አማካይ 10 ብሎ ይነሳል። መነሻው 100 የነበረ ኢንዴክስ ዛሬ 250 ከደረሰ የአክሲዮኖቹ ዋጋ በጥቅሉ ሁለት ተኩል እጥፍ ሆኗል ማለት ነው። አንዱ ኢንዴክስ 5000፣ ሌላው 800 መሆኑ ግን የመጀመሪያውን የተሻለ አያደርገውም፤ መነሻቸው የተለያየ ነውና።

«የኢንዱስትሪ ዘርፍ» ሲባል የትኞቹ ኩባንያዎች ናቸው?

ብዙ ሰው ፋብሪካ ያለው ኩባንያ ሁሉ እዚህ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት የዘርፍ አከፋፈል በ1999 ኢንዴክስ አዘጋጆቹ ኤም ኤስ ሲ አይ እና ኤስ ኤንድ ፒ በጋራ ያወጡት ጂክስ የሚባለው ሥርዓት ሲሆን፣ ገበያውን በ11 ዘርፎች ይከፍለዋል። ከእነዚህ አንዱ የኢንዱስትሪ ዘርፍ ነው፤ እሱም በውስጡ ሦስት ቡድኖች አሉት።

የመጀመሪያውና ትልቁ ቡድን ሌሎች ድርጅቶች ለሥራቸው የሚገዟቸውን ከባድ ዕቃዎች የሚሠሩትን ይይዛል፦ የአውሮፕላንና የጦር መሣሪያ አምራቾች፣ የግንባታና የእርሻ ማሽን አምራቾች፣ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሠሪዎች፣ ሥራ ተቋራጮች። ቦይንግ፣ ሎክሂድ ማርቲን፣ ካተርፒላር እና ዲር እዚህ ይገኛሉ። ሁለተኛው ቡድን ትራንስፖርት ነው፤ አየር መንገዶች፣ የባቡር ኩባንያዎች፣ ጭነትና ጥቅል አመላላሾች። ሦስተኛው ለድርጅቶች አገልግሎት የሚሰጡትን ይሰበስባል፤ ቆሻሻ አንሺዎች፣ ሠራተኛ አቅራቢዎች፣ የምርምርና የምክር ድርጅቶች።

ታዲያ መኪና አምራቹ፣ የብረትና የሲሚንቶ ፋብሪካው የት ሄዱ?

በጂክስ አከፋፈል የቤት መኪና አምራች የሚመደበው የሸማቾች ዕቃ ዘርፍ ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም የመጨረሻ ገዢው ግለሰብ ነው። ብረት፣ ሲሚንቶና ኬሚካል «ጥሬ ዕቃ» በሚባለው ዘርፍ ይገባሉ። ነዳጅ ማጣሪያ የኢነርጂ ነው። በአንጻሩ የከባድ መኪና አምራች እዚሁ የኢንዱስትሪ ዘርፍ ውስጥ ይቀራል፤ የሚገዛው ትራንስፖርት ድርጅት ነውና። ዋናው መለያ ኩባንያው አብዛኛውን ገቢውን ከየትኛው ሥራ ያገኛል የሚለው ነው።

አከፋፈሉ ግን አንድ ብቻ አይደለም። ሌላው ኢንዴክስ አዘጋጅ ኤፍ ቲ ኤስ ኢ ረስል የሚጠቀምበት አይ ሲ ቢ የተባለው ሥርዓት ሲሚንቶና የግንባታ ዕቃን ኢንዱስትሪ ውስጥ ያስገባል። ስለዚህ «የኢንዱስትሪ ኢንዴክስ» የሚል ስም ያላቸው ሁለት መለኪያዎች አንዱ ሲሚንቶ አምራቾችን ይዞ ሌላው ሳይዝ ሊገኝ ይችላል። ድንበሩም በየጊዜው ይንቀሳቀሳል። በመጋቢት 2023 የደመወዝ ክፍያ ሥራ የሚሠሩት ኤ ዲ ፒ እና ፔይቼክስ ከቴክኖሎጂ ዘርፍ ወጥተው ወደ ኢንዱስትሪ ተዛውረዋል፤ ሥራቸው አልተለወጠም፣ የተለወጠው መዝገቡ ነው። በእኔ እምነት የማንኛውንም ዘርፍ ኢንዴክስ ቁጥር ከማንበብ በፊት የአባላቱን ዝርዝር ማየት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። ዝርዝሩን አዘጋጆቹ ራሳቸው ያወጡታል፤ ለማንበብም አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ዳው ጆንስ ኢንዱስትሪያል የኢንዱስትሪ ዘርፍ ኢንዴክስ ነው?

አይደለም። ምናልባት በዚህ ርዕስ ላይ እንደዚህ ብዙ ሰው የሚያሳስት ነገር የለም። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ቻርልስ ዳው ይህን የአሜሪካ አክሲዮኖች ዋጋ አማካይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው ግንቦት 26 ቀን 1896 ሲሆን፣ 12 ኩባንያዎችን ይዞ 40.94 ነጥብ ላይ ነበር። በዚያ ዘመን ገበያውን የተቆጣጠሩት የባቡር ኩባንያዎች ስለነበሩና የራሳቸው አማካይ ስለነበራቸው፣ የቀሩት፣ ማለትም የስኳር፣ የትምባሆ፣ የጥጥ ዘይት፣ የጋዝ፣ የቆዳና የጎማ ኩባንያዎች «ኢንዱስትሪያል» ተብለው ለብቻ ተሰበሰቡ።

ከ1928 ጀምሮ የአባላቱ ቁጥር 30 ነው። ዛሬ ውስጡ ማይክሮሶፍት፣ ቪዛ፣ ማክዶናልድስ፣ ዋልት ዲዝኒ እና ጎልድማን ሳክስ አሉ። ካተርፒላር፣ ቦይንግና ስሪ ኤም የመሳሰሉ እውነተኛ የኢንዱስትሪ ኩባንያዎችም አሉበት፤ ነገር ግን ጥቂቶች ናቸው። በዚያ ላይ የትራንስፖርት ኩባንያዎች እስከ አሁን የራሳቸው አማካይ ስላላቸው ዳው ኢንዱስትሪያል ውስጥ አይገቡም። ከኢንዱስትሪ ዘርፍ ታላላቆች መካከል የሆነው የባቡር ኩባንያ ዩኒየን ፓሲፊክ «ኢንዱስትሪያል» በሚባለው በዚህ መለኪያ ውስጥ የለም። የዘርፉን ሁኔታ ማወቅ የሚፈልግ የኤስ ኤንድ ፒ 500ን የኢንዱስትሪ ዘርፍ ኢንዴክስ ወይም የኤም ኤስ ሲ አይን ዓለም አቀፍ የኢንዱስትሪ ኢንዴክስ ይመልከት።

የእያንዳንዱ ኩባንያ ክብደት እንዴት ይወሰናል?

ሦስት ዋና መንገዶች አሉ፤ ልዩነታቸው ትንሽ አይደለም። ሦስት ኩባንያዎች አሉ እንበል። ኩባንያ ሀ 10 ሚሊዮን አክሲዮኖች አሉት፣ የአንዱ ዋጋ 400 ነው። ለ 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች በ100 ዋጋ፣ ሐ ደግሞ 300 ሚሊዮን አክሲዮኖች በ20 ዋጋ አላቸው። ጠቅላላ የገበያ ዋጋቸው በቅደም ተከተል 4 ቢሊዮን፣ 10 ቢሊዮንና 6 ቢሊዮን ይሆናል። ትልቁ ኩባንያ ለ መሆኑ ግልጽ ነው።

በገበያ ዋጋ በሚመዘን ኢንዴክስ ሀ 20፣ ለ 50፣ ሐ 30 በመቶ ክብደት ያገኛሉ። በአክሲዮን ዋጋ በሚመዘን ኢንዴክስ ግን የሚታየው የአንዱ አክሲዮን ዋጋ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከሦስቱ ትንሹ ኩባንያ ሀ ብቻውን 77 በመቶ ያህሉን ይይዛል። በእኩል ክብደት ደግሞ ለሁሉም አንድ ሦስተኛ ይደርሳል። አሁን የኩባንያ ሀ አክሲዮን በ10 በመቶ ቢወጣና የቀሩት ባይንቀሳቀሱ የመጀመሪያው ኢንዴክስ 2 በመቶ፣ ሁለተኛው 7.7 በመቶ፣ ሦስተኛው 3.3 በመቶ ይጨምራል። ቀኑ አንድ፣ ኩባንያዎቹ አንድ፣ ዜናው ግን ሦስት ዓይነት ነው።

የኤስ ኤንድ ፒ እና የኤም ኤስ ሲ አይ ዘርፍ ኢንዴክሶች በገበያ ዋጋ ይመዘናሉ። ያውም ሁሉም አክሲዮን አይቆጠርም፤ በመሥራች ቤተሰብ ወይም በመንግሥት እጅ ተይዞ ለገበያ የማይቀርበው ተቀንሶ በነጻ የሚሸጠው ብቻ ይታሰባል። ዳው ጆንስና የጃፓኑ ኒኬ 225 በአክሲዮን ዋጋ የሚመዘኑ ናቸው። የአክሲዮን ዋጋ ስለ ኩባንያው ትልቅነት የሚናገረው ነገር ስለሌለ፣ ይህ አሠራር ለዘርፍ መለኪያነት የሚመች አይመስለኝም፤ የቆየው በታሪኩ ርዝመት ነው።

አንድ ኩባንያ አክሲዮኑን ሲከፋፍል ኢንዴክሱ ለምን አይወርድም?

አንድ አክሲዮን ወደ አራት ሲከፈል ዋጋው ወደ ሩብ ይወርዳል፤ የአክሲዮኖቹ ቁጥር ግን አራት እጥፍ ይሆናል። ባለአክሲዮኑ አልጎደለበትም። በገበያ ዋጋ የሚመዘን ኢንዴክስ ይህን ያለ ምንም ችግር ያልፈዋል። በአክሲዮን ዋጋ የሚመዘነው ግን ካልተስተካከለ ያለ ምክንያት ያሽቆለቁላል። ስለዚህ የአባላቱ የአክሲዮን ዋጋ ድምር የሚካፈልበት ቁጥር፣ ማለትም አካፋዩ፣ ይስተካከላል። ዳው ጆንስ በ1896 ሲጀመር የ12ቱ ኩባንያዎች ድምር ለ12 ይካፈል ነበር፤ ከብዙ ማስተካከያ በኋላ አካፋዩ ዛሬ ከ0.2 በታች ወርዷል። በመሆኑም የማንኛውም አባል አክሲዮን በ1 ዶላር ሲንቀሳቀስ ኢንዴክሱ ከ5 ነጥብ በላይ ይንቀሳቀሳል።

አካፋዩ ደረጃውን ያድናል እንጂ ክብደቱን አይመልስም። ነሐሴ 2020 አፕል አክሲዮኑን አንዱን በአራት ከፈለ፤ በዳው ጆንስ ውስጥ የነበረው ክብደትና ከእሱ ጋር የቴክኖሎጂ ድርሻ ተቆረጠ። ይህን ለማካካስ ነሐሴ 31 ቀን በአንድ ጊዜ ሦስት ኩባንያዎች ወጥተው ሦስት ገቡ፤ ከ1928 ጀምሮ አባል የነበረው የነዳጅ ኩባንያ ኤክሶን በሶፍትዌር ኩባንያው ሴልስፎርስ፣ የጦር መሣሪያ አምራቹ ሬይቲዮን ደግሞ በሃኒዌል ተተካ። የአንድ ስልክ አምራች የአክሲዮን ክፍፍል የነዳጅ ኩባንያን ከዝርዝር አስወጣ ማለት ነው።

«500 ነጥብ ወረደ» ሲባል ልደንግጥ?

መጀመሪያ በመቶኛውን ይጠይቁ። ጥቅምት 19 ቀን 1987 ዳው ጆንስ 508 ነጥብ ሲወርድ 22.6 በመቶ ነበር፤ በኢንዴክሱ ታሪክ በአንድ ቀን ከታዩት ውድቀቶች ሁሉ የከፋው ነው። ኢንዴክሱ ከ40 ሺህ በላይ ሲሆን ግን ያው 508 ነጥብ 1.3 በመቶ እንኳ አይሞላም። ነጥብ ለርዕሰ ዜና ያምራል፤ ለንጽጽር ግን በመቶኛ ብቻ ነው የሚያገለግለው።

የኢንዱስትሪ አክሲዮኖች ከኢኮኖሚው ጋር ለምን ይህን ያህል ይወዛወዛሉ?

የዘርፉ ደንበኛ ብዙውን ጊዜ ሌላ ድርጅት ነው። የማዕድን ኩባንያ ተስፋ ሲኖረው አዲስ ቆፋሪ ማሽን ያዝዛል፤ ሲሰጋ አሮጌውን ጠግኖ አንድ ዓመት ይቆያል። ዳቦ እንደዚያ አይዘገይም፤ ማሽን ግን ይዘገያል። ስለሆነም ኢኮኖሚው ጥቂት ሲቀዘቅዝ የማሽን ትዕዛዝ በብዙ ይቀንሳል፤ ሲያንሰራራም የተጠራቀመው ትዕዛዝ በአንድ ጊዜ ይመጣል። የወለድ ምጣኔም እዚህ ይገባል፤ ትልልቅ መሣሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ በብድር ነው የሚገዙት።

ሁለተኛው ምክንያት በኩባንያዎቹ ሒሳብ ውስጥ ነው። ፋብሪካ ሥራ ቢኖርም ባይኖርም የማይቀሩ ወጪዎች አሉት። ሽያጩ 100፣ ቋሚ ወጪው 60፣ ከምርቱ ጋር የሚወጣና የሚወርደው ወጪ 30 የሆነ ኩባንያ 10 ያተርፋል። ሽያጩ ወደ 90 ቢወርድ ተለዋዋጩ ወጪ 27 ይሆናል፣ ቋሚው ግን 60 እንደሆነ ይቀራል፤ ትርፉ 3 ብቻ ነው። የሽያጭ 10 በመቶ ቅናሽ ትርፉን በ70 በመቶ ቆረጠው። ገበያው ይህን ስለሚያውቅ ትርፉ እስኪቀንስ አይጠብቅም፤ ምልክት ሲያይ አስቀድሞ ይሸጣል። ከምልክቶቹ ዋነኛው በየወሩ የግዢ ሥራ አስኪያጆችን በመጠየቅ የሚወጣው ፒ ኤም አይ ነው፤ ከ50 በላይ ሲሆን ሥራው እየሰፋ፣ ከ50 በታች ሲሆን እየጠበበ መሆኑን ያሳያል።

ሆኖም ዘርፉ አንድ ወጥ አይደለም፤ ይህን መርሳት ያሳስታል። የጦር መሣሪያ አምራቾች የሚኖሩት በመንግሥታት በጀትና በረጅም ዓመታት ውል ነው። ቆሻሻ በኢኮኖሚ ድቀት ጊዜም መነሳቱ አይቀርም። አየር መንገዶች የነዳጅ ዋጋ ባርያ ናቸው። በ2020 ወረርሽኙ ሲስፋፋ አየር መንገዶችና አውሮፕላን ሠሪዎች ሲንኮታኮቱ ጥቅል አመላላሾች ከመቼውም የበለጠ ሥራ በዝቶባቸው ነበር፤ ሁሉም ግን በአንድ ዘርፍ ኢንዴክስ ውስጥ ይቆጠሩ ነበር። የዘርፉ አማካይ በዚያ ዓመት የአንዳቸውንም እውነተኛ ታሪክ አይናገርም።

የኢንዱስትሪ ምርት ኢንዴክስ የሚባለውስ ከዚህ ጋር አንድ ነው?

ስማቸው ተቀራራቢ ነው እንጂ አንድ አይደሉም። የኢንዱስትሪ ምርት ኢንዴክስ የሚለካው በተጨባጭ የተመረተውን ነው። በአሜሪካ ማዕከላዊ ባንኩ በየወሩ ያወጣዋል፤ ፋብሪካዎችን ብቻ ሳይሆን ማዕድን ማውጣትን እንዲሁም የኤሌክትሪክና የጋዝ አቅርቦትን ይጨምራል። ከወጣ በኋላም አዲስ መረጃ ሲመጣ ይታረማል። የአክሲዮን ኢንዴክስ ግን በየቅጽበቱ የሚለወጥ፣ ወደፊት ይገኛል ተብሎ የሚጠበቅ ትርፍ ዋጋ ነው።

ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሄዱ ማየት የተለመደ ነው። ምርት ገና እየቀነሰ ባለሀብቶች ማገገሙ ቀርቧል ብለው ካመኑ አክሲዮኖቹ ይወጣሉ። በተጨማሪም ትልልቆቹ ኩባንያዎች በብዙ አገር ያመርታሉ፣ ይሸጣሉ፤ አክሲዮናቸው የተመዘገበበት አገር ምርት ስለ ገቢያቸው የሚናገረው ከፊሉን ነው።

አባል ኩባንያ ሲዳከም ወይም ሲከፈል ምን ይሆናል?

የጄኔራል ኤሌክትሪክን ጉዞ መከተል ይበቃል። በ1896 ከ12ቱ የዳው ጆንስ አባላት አንዱ ነበር፤ ከ1907 ጀምሮም ሳይቋረጥ ቆየ። ሰኔ 2018 ተወገደ። የአክሲዮኑ ዋጋ ከመውረዱ የተነሳ በኢንዴክሱ ውስጥ የነበረው ክብደት ከግማሽ በመቶ በታች ሆኖ ነበር። በኋላ ኩባንያው በሦስት ተከፈለ፦ በ2023 የሕክምና መሣሪያው ክፍል፣ በ2024 ደግሞ የኃይል ማመንጫው ክፍል ተለዩ፤ የቀረው የአውሮፕላን ሞተር ሥራ ነው። በዘርፍ አከፋፈሉ የሕክምናው ክፍል ወደ ጤና ዘርፍ ሄደ፤ ሁለቱ በኢንዱስትሪ ቀሩ፤ የሞተር አምራቹም ዛሬ ከዘርፉ ታላላቆች አንዱ ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ከባድ ነጥብ አለ። ኢንዴክስ የተዳከመውን አውጥቶ የበረታውን ያስገባል። የመቶ ዓመት ሰንጠረዡ የመጀመሪያዎቹን ኩባንያዎች ዕጣ አያሳይም፤ ደንቡን የተከተለ ተከታታይ ምርጫ ውጤት ነው። «ኢንዱስትሪ ሁልጊዜ ይወጣል» ብሎ አንድ ኩባንያ መርጦ ለሚይዝ ሰው ሰንጠረዡ ዋስትና አይሆንም።

የትርፍ ድርሻ በኢንዴክሱ ውስጥ ይቆጠራል?

በዜና የሚነገረው አብዛኛው ኢንዴክስ የዋጋ ኢንዴክስ ነው፤ የትርፍ ድርሻን አይጨምርም። ድርሻው ተመልሶ አክሲዮን እንደተገዛበት አድርጎ የሚያሰላው ጠቅላላ ተመላሽ ኢንዴክስ ይባላል። የጀርመኑ ዳክስ በተለምዶ የሚጠቀሰው በዚህ ሁለተኛው መልኩ በመሆኑ ከሌሎች የዋጋ ኢንዴክሶች ጋር በቀጥታ ማወዳደር ስህተት ነው።

ዳው ጆንስ መስከረም 3 ቀን 1929 381.17 ነጥብ ደርሶ ሐምሌ 8 ቀን 1932 ወደ 41.22 ወረደ። ወደ ቀድሞ ቦታው የተመለሰው በኅዳር 1954 ነው። 25 ዓመት! ግን ይህ የዋጋው ታሪክ ብቻ ነው፤ በመካከሉ ባለአክሲዮኖች የተቀበሉት የትርፍ ድርሻ አልተቆጠረም። በረጅም ዓመታት ውስጥ በሁለቱ ዓይነት ኢንዴክሶች መካከል የሚፈጠረው ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው።

ኢንዴክሱን ራሱን መግዛት ይቻላል?

ኢንዴክስ ስሌት ስለሆነ አይገዛም፤ የሚገዛው እሱን ተከትሎ አባል አክሲዮኖቹን በየክብደታቸው የሚይዝ ፈንድ ነው። እንደ አክሲዮን በገበያ የሚሸጡት ኢ ቲ ኤፍ ይባላሉ፤ የኤስ ኤንድ ፒን የኢንዱስትሪ ዘርፍ የሚከተለው ኤክስ ኤል አይ ከ1998 ጀምሮ አለ። ፈንዱ የአስተዳደር ክፍያ ስለሚቆርጥ ውጤቱ ከኢንዴክሱ በትንሹ ያንሳል። ከመግዛት በፊት ይህን ክፍያና ፈንዱ የሚከተለውን ኢንዴክስ ሙሉ ስም ማየት የግድ ነው።

ኢንዴክሱ ወጥቶ አብዛኛዎቹ አባላቱ ሊወርዱ ይችላሉ?

ይችላሉ። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ኩባንያ ለ በ10 በመቶ ወጥቶ ሀ እና ሐ በ5 በመቶ ቢወርዱ በገበያ ዋጋ የሚመዘነው ኢንዴክስ 2.5 በመቶ ይጨምራል፤ ከሦስቱ ሁለቱ ወድቀዋል። በእኩል ክብደት ቢሰላ ለውጡ ዜሮ ነው። ስለዚህ የዘርፉ ጥንካሬ የሁሉም ይሁን የጥቂቶች ለማወቅ የሚሻለው ዘዴ የአንድን ዘርፍ ሁለት ኢንዴክሶች፣ በገበያ ዋጋ የተመዘነውንና በእኩል የተመዘነውን፣ አብሮ ማየት ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት እየሰፋ ከሄደ ሸክሙን የያዙት ጥቂት ግዙፎች ናቸው።

«የኢንዱስትሪ ዘርፍ ከገበያው በለጠ» የሚለውን እንዴት ላረጋግጥ?

የዘርፉን ኢንዴክስ ለጠቅላላው ገበያ ኢንዴክስ ያካፍሉትና ውጤቱ በጊዜ ውስጥ ከፍ ማለቱን ወይም ዝቅ ማለቱን ይመልከቱ። ሁለቱም ወርደው እንኳ ዘርፉ በዝግታ ከወረደ «በለጠ» ይባላል፤ ይህ ግን ገንዘብ አስገኘ ማለት አይደለም።

ንጽጽሩ እንዲቆም ሁለቱ ኢንዴክሶች የትርፍ ድርሻን በአንድ ዓይነት መንገድ መያዝ አለባቸው፤ የሚለኩበት ገንዘብም አንድ መሆን አለበት። የጃፓን የኢንዱስትሪ ኢንዴክስ በየን 10 በመቶ ወጥቶ የን በዶላር ላይ በ10 በመቶ ከወደቀ ሒሳቡን በዶላር ለሚይዝ ሰው 1 በመቶ ኪሳራ ነው። የመነሻ ቀኑም ይጠየቅ። ከቀውስ ማግስት የተጀመረ ሰንጠረዥ በፍጥነት የሚያገግሙ ዘርፎችን፣ ከነዚህም ኢንዱስትሪን፣ ያጎላል፤ ከቀውሱ ዋዜማ የተጀመረው ደግሞ ያኮስሳል። አንድ ሙሉ ዑደት፣ ከከፍታ እስከ ቀጣዩ ከፍታ፣ ቢወሰድ ሁለቱንም ያርቃል።